«ጫማህን አድርግ!» ሲል ምን ማለቱ ነው? ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር የሚደርሱበት መንገድ

አራት ዓመቱ ነው። ጫማውን አንጠልጥሎ አባቱ ፊት ይቆምና «ጫማህን አድርግ!» ይላል። አባትየው ጫማ አድርጓል። ግራ ገብቶት «አድርጌያለሁ እኮ» ሲለው፣ ልጁ ዜማውን ሳይለቅ ድምፁን ብቻ ከፍ አድርጎ «ጫማህን አድርግ!» ይላል። ሦስተኛው ላይ ለቅሶ ይከተላል።

እናትየው ልጇን ይዛ ልትወጣ ስትል ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ የምትለው ይህንኑ ነው፤ በዚሁ ዜማ። ልጁ አባቱን እያዘዘ አይደለም። «መውጣት እፈልጋለሁ» እያለ ነው። ሐሳቡን ከቃላት ገጣጥሞ ማውጣት ስላልቻለ፣ ከመውጣት ጋር ተጣብቆ የሰማውን ንግግር እንዳለ አንስቶ አመጣው።

ኦቲዝም (ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ መግባባትንና ከሰው ጋር መገናኘትን የሚነካ ሁኔታ) ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ ያያሉ። ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰሙት አስተያየት ግን ብዙውን ጊዜ «እንደ በቀቀን ይደግማል እንጂ አይናገርም» የሚል ነው። ይህ አባባል ልጁንም ወላጁንም ይጎዳል፤ ልክም አይደለም። ለምን ልክ እንዳልሆነ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ቋንቋ ከየት እንደሚነሳ መመልከት ያስፈልጋል።

ንግግር፣ ቋንቋ፣ መግባባት፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በጨዋታ መሐል ሦስቱን እያቀላቀልን ብንጠራቸውም እዚህ ላይ መለየታቸው ግድ ነው። ንግግር ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ምላስ፣ ከንፈርና ትንፋሽ ተባብረው የሚሠሩት ሥራ። ቋንቋ ከድምፁ ጀርባ ያለው ነው፤ የቃላት ትርጉምና ቃላት እርስ በርስ የሚያያዙበት ሥርዓት። መግባባት ደግሞ በልብ ያለውን ለሌላ ሰው ማድረስ፣ የሌላውንም መቀበል ነው።

ሦስቱ ተነጣጥለው ሊገኙ ይችላሉ። የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ተዘጋ በር የሚጎትት ልጅ አንድም ቃል ሳይወጣው እየተግባባ ነው። በምልክት ቋንቋ የሚጠቀም ሰው ድምፅ ባያወጣም ሙሉ ቋንቋ አለው። የሰማውን ማስታወቂያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት አድርጎ የሚወጣ ልጅ ደግሞ ንግግሩ እንከን አይወጣለትም፤ የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ግን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ «ልጄ አይናገርም» ሲባል ቀድሞ መምጣት ያለበት ጥያቄ «ከሦስቱ የትኛው ነው የከበደው?» የሚለው ነው። የሚሰጠው እርዳታ እንደ መልሱ ይለያያል።

አፍ መፍታት የሚጀምረው መቼ ነው?

ከመጀመሪያው ቃል በፊት ነው። ሕፃን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወሩ ባለው ጊዜ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» እያለ አፉን ያለማምዳል። ዓመት ሲሞላው አካባቢ የመጀመሪያው ቃል ይመጣል፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ሁለት ቃል ማገናኘት ይጀምራል። ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፈው በመሐል ያለው ነገር፣ ጣት መቀሰር ነው።

ጣት መቀሰር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ያንን ስጡኝ» ማለት ነው። ሌላው «ያንን እዩልኝ» ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ ልጁ ወፏን እንዲይዙለት አይፈልግም፤ እናቱ እንድታያት ብቻ ነው የሚፈልገው። ወፏን ያያል፣ ዞሮ የእናቱን ዓይን ያያል፣ ተመልሶ ወፏን ያያል። ባለሙያዎች ይህን የጋራ ትኩረት ይሉታል። እናት በዚያች ቅጽበት «ወፍ!» ስትል ቃሉና ነገሩ ይገናኛሉ። አብዛኛው ልጅ ማንም ተቀምጦ ሳያስተምረው ቃላት የሚሰበስበው እንዲህ ባሉ ቅጽበቶች ነው።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች «ስጡኝ»ን በራሳቸው መንገድ ያሳያሉ፤ «እዩልኝ» ግን ብዙዎቹ ላይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ወይም እምብዛም አይታይም። ይህ በቃል ትምህርት ላይ የሚያመጣውን ውጤት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሳይመን ባሮን-ኮኸንና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ሙከራ አሳይተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጁ የማያውቀውን አንድ መጫወቻ ይዞ ሲያይ፣ አዋቂው ሌላ መጫወቻ እያየ አዲስ ቃል ይናገራል። ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ቀና ብለው የተናጋሪውን ዓይን ተከትለው ቃሉን እሱ ለሚያየው ዕቃ ሰጡት። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል አብዛኞቹ ግን ቃሉን እነሱ ራሳቸው ለያዙት ዕቃ ሰጡት።

ልብ በሉ፤ ሰምተዋል፣ ቃሉንም ይዘዋል። የተሳሳተው ቃሉ የተለጠፈበት ዕቃ ነው። ልጁ የሚሽከረከር ጎማ እያየ እኛ መስኮት እያየን «ዝናብ መጣ» ብንለው፣ «ዝናብ» ማለት ጎማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል፤ ልጁን ወደ እኛ ነገር ከመጎተት እሱ ያተኮረበትን ነገር መሰየም። ጎማውን እያየ ከሆነ «ጎማ። ይዞራል!» ማለት ነው።

ኦቲዝም ሲኖር ሁሉም ልጅ ለመናገር ይዘገያል?

አይደለም። የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ኦቲዝምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ሲገልጽ የተከታተላቸው ልጆች 11 ነበሩ፤ ስምንቱ ይናገሩ ነበር፣ ሦስቱ አይናገሩም ነበር። ልዩነቱ ከመነሻው አብሮ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ረጃጅም ዓረፍተ ነገር የሚናገር ልጅ አለ፤ ዕድሜው ለትምህርት ደርሶ ከጥቂት ቃላት በላይ የማይናገርም አለ። የኋለኞቹ በጥናቶች ግምት ከ25 እስከ 30 በመቶ ይሆናሉ። ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የቋንቋ መዘግየትን ከኦቲዝም መለያዎች ዝርዝር ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ መዘግየቱ ካለ ለብቻው ተጠቅሶ ይመዘገባል።

ቶሎ የሚናገሩት ልጆች ችግር ሰዋስው ሳይሆን የቃልን ውስጠ ወይራ መረዳት ነው። «ሰዓት ይዘሃል?» ሲባሉ «አዎ» ብለው ዝም ይላሉ፤ ጥያቄው «ስንት ሰዓት ነው?» መሆኑ ከቃላቱ ላይ አይነበብማ። «ጆሮህን ስጠኝ» ሲባሉ የሚደነግጡም አሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ ባለጌ ወይም ቀልደኛ ማለት ትልቅ በደል ነው። የተነገረውን በትክክል ነው የመለሰው።

ወላጅን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ግን የነበረ ቃል ሲጠፋ ነው። «ማማ»፣ «ኳስ» ሲል የነበረ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ዝም ይላል። ጥናቶች ሲጠቃለሉ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ሲሶ ያህሉ የነበራቸውን ክህሎት የሚያጡበት ጊዜ እንዳለ ያሳያሉ። ጊዜው ልጆች ክትባት ከሚወስዱበት ዕድሜ ጋር ስለሚገጣጠም ብዙ ወላጆች ጥፋቱን እዚያ ላይ ጥለዋል። በ2019 በዴንማርክ 657,461 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ጥምር ክትባት በወሰዱና ባልወሰዱ ልጆች መካከል የኦቲዝም ልዩነት አላገኘም። እናቶችን «ፍቅር ስለነፈግሽው ነው» ብሎ የሚከስ አስተሳሰብም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ነበር፤ መሠረት የሌለው ሆኖ ተጥሏል። እናትዬዋ ምንም አላደረገችም።

የሰማውን መልሶ የሚደግመው ለምንድን ነው?

ሙያዊ ስሙ ኤኮላሊያ ነው፤ በእኛ ቋንቋ የገደል ማሚቶ ብንለው ይገልጸዋል። ወዲያው የሚመለስ አለ፤ «ምን ትፈልጋለህ?» ሲሉት «ምን ትፈልጋለህ?» ይላል። ቆይቶ የሚመለስም አለ፤ ከሰማ ከሰዓታት፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ።

ቆይቶ የሚመለሰው ለሰሚ ግራ ያጋባል። ካነር ከመዘገባቸው ልጆች አንዱ የሆነ ነገር ወርውር ወርውር ባለው ቁጥር «ውሻውን ከሰገነቱ ላይ አትወርውር» ይል ነበር። በአካባቢው ውሻም ሰገነትም የለም። እናቱ ስታስታውስ ለካ ቀደም ሲል በሌላ አገር ሳሉ የመጫወቻ ውሻውን ከሰገነት ላይ ሲጥል እሷው የተናገረችው ቃል ነው። ለልጁ ያ ዓረፍተ ነገር በአጠቃላይ «መወርወር ክልክል ነው» ማለት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው ቅዠት ይለዋል። የሚያውቅ ሰው ልጁ ራሱን በቃል ሲገታ ይሰማዋል።

ለብዙ ዓመታት ድግግሞሽ መጥፋት ያለበት ልማድ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ልጆች ዝም እንዲሉ ይሠለጥኑ ነበር። አመለካከቱ እንዲለወጥ ትልቅ ድርሻ ያላቸው የንግግርና የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ባሪ ፕሪዛንትና ጁዲት ዱካን ናቸው። በ1981 ያሳተሙት ጥናት አራት ልጆችን ብቻ የተከታተለ ቢሆንም፣ ከአንድ ሺህ በላይ ድግግሞሾችን ከነሁኔታቸው፣ ልጁ ወዴት እንደሚያይና በእጁ ምን እንደሚያደርግ ጭምር አንድ በአንድ መረመረ። ሰባት የተለያዩ አገልግሎቶችን አገኙ። ልጁ የሚደግመው ተራው ደርሶ መልስ መስጠት ሲፈልግ ነው፤ ለመጠየቅ ነው፤ አዎ ለማለት ነው፤ የሰማውን ለራሱ እያላመጠ ለመረዳት ነው፤ ራሱን ለማዘዝ ነው። ትርጉም ያልተገኘላቸውም ነበሩ።

«አዎ ለማለት» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ቤት ውስጥ በጣም የሚያጋጭ ነገር ነውና። «ትተኛለህ?» ተብሎ «ትተኛለህ» ብሎ የመለሰ ልጅ ብዙውን ጊዜ እሺ ማለቱ ነው። «አዎ» የምትለው ቃል ለእኛ ቀላል ትምሰል እንጂ ረቂቅ ናት፤ በራሷ የምታሳየው ዕቃም ድርጊትም የላትም። ጥያቄውን መድገም ግን ተጨባጭ ነው።

ይህን ለመረዳት ቋንቋውን ሳታውቁ በቃላችሁ የያዛችሁትን የባዕድ ዘፈን አስቡ። ዜማውን ታውቁታላችሁ፤ የት ቦታ ከፍ እንደሚል፣ የደስታ ይሁን የሐዘን ታውቃላችሁ። አንዱ ቃል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ግን አታውቁም። ቋንቋውን እየለመዳችሁ ስትመጡ ከዘፈኑ ውስጥ አንድ ቃል ፈልቅቃችሁ «ለካ ይህ ማለት ነው!» ትላላችሁ። አንዳንድ ልጅ ቃል በቃል ተነስቶ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ ከሙሉው ተነስቶ፣ ሙሉውን እየፈታ ወደ ቃሉ ይወርዳል። ሁለተኛው መንገድ ኦቲዝም በሌለባቸው ልጆችም ላይ ይታያል፤ ኦቲዝም ባለባቸው ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል።

የመግቢያችን ልጅ ለምሳሌ «ጫማህን አድርግ» ከሚለው ጎን ለጎን «ኮፍያህን አድርግ» የሚል ሌላ ሙሉ ንግግር ሲይዝ፣ የሚለዋወጠውና የማይለዋወጠው ይለይለታል። «አድርግ» ባለበት ይቆማል፤ «ጫማ»ና «ኮፍያ» ይፈራረቃሉ። አንድ ቀን «መነጽርህን አድርግ» ካለ፣ ያን ማንም ነግሮት አያውቅም። የራሱ ነው። ወላጅ ያን ቀን ቢያለቅስ አይፈረድበትም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከዚህ ሐሳብ ተነስተው ልጆችን በተወሰኑ ደረጃዎች አሳልፋለሁ የሚሉ የሕክምና ዘዴዎች በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት እየተሰራጩ ነው። ድግግሞሽ ትርጉም እንዳለው ማስረጃው ጠንካራ ነው። የደረጃዎቹ መሰላልና በእሱ ላይ የተመሠረተው ሕክምና ግን በጥብቅ ሙከራ ገና አልተደገፈም። ሁለቱን ለያይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

«ላንሳህ!» ሲል «አንሳኝ» ማለቱ ነው?

አዎ። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ «ላንሳህ» የሚል ልጅ አባቱን ሊያነሳ አይደለም። ውሃ ፈልጎ «ውሃ ልስጥህ?» የሚለውም፣ «ትፈልጋለህ» እያለ «እፈልጋለሁ» ማለቱ የሆነውም ያው ነው። ካነር ይህን በ1943 አስተውሎ ልጆቹ ተውላጠ ስምን ልክ እንደሰሙት ይደግሙታል ብሎ ጽፏል። በኋላ አንዳንዶች ልጁ ማንነቱን ስለካደ ነው ብለው ተፈላሰፉበት። የዛሬው ማብራሪያ የቀለለና ከሚታየው ጋር የሚስማማ ነው።

«ኳስ» ማን ቢናገረውም ኳስ ነው። «እኔ» ግን እንደ ወንበር ነው፤ የሚቀመጥበት ሰው ይቀያየራል። እናት ስትናገር እሷ ናት፣ አባት ሲናገር እሱ ነው። ሌሎች ልጆች ይህን የሚረዱት ትልልቆች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ከጎን ሆነው እያዳመጡ ነው። የሰዎችን ጨዋታ ከጎን መከታተል የሚከብደው ልጅ ግን የሚቀረው ለእሱ በቀጥታ የተነገረው ብቻ ነው። ለእሱ ደግሞ ሁልጊዜ «ልስጥህ»፣ «ላንሳህ»፣ «ትፈልጋለህ» ነው የሚባለው። ውሃ ሲመጣ የሚሰማው ድምፅ «ልስጥህ» ከሆነ፣ የውሃ መጥሪያው «ልስጥህ» ቢሆን ምን ይገርማል?

አማርኛ ደግሞ የራሱን ሸክም ይጨምራል። በአንዳንድ ቋንቋዎች «እኔ»ና «አንተ» ለብቻቸው የቆሙ ቃላት ናቸው፤ በአማርኛ ግን ግሱ ውስጥ ተሸሽገዋል፣ ያውም ሁለት ሁለት ሆነው። «ልስጥህ» ውስጥ ሰጪው እኔ፣ ተቀባዩ አንተ ነህ። ልጁ «ስጠኝ» እንዲል ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መገልበጥ አለበት። በዚያ ላይ ጾታና አክብሮት አለ፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። ቀኑን ሙሉ «ነሽ»፣ «ላንሳሽ» ስትባል የዋለች ልጅ አባቷን «ደክሞሻል?» ብትለው ለእሷ የተነገረውን መልሳ ማምጣቷ ነው እንጂ አባቷን መናቋ አይደለም።

ማረም እንዴት ነው ታዲያ? ብዙዎቻችን «ላንሳህ አይባልም፤ አንሳኝ በል» እንላለን። ልጁም «አንሳኝ በል» ይላል፤ «በል»ን ጨምሮ። የተሻለው በልጁ አፍ ሆኖ መናገር ነው። እጁን ሲዘረጋ በእሱ ዜማ «አንሳኝ!» ብሎ ወዲያው ማንሳት። ጥያቄም ትእዛዝም ሳይጨመርበት። ሊደግመው የሚችለውን ቃል እሱ ሊናገረው በሚገባው ቅርጽ ማቀበል ማለት ነው።

ቃላት ሞልተውታል፤ ዓረፍተ ነገር ግን ለምን አይመጣም?

ፊደላትን፣ ቀለማትን፣ ቁጥሮችን፣ የእንስሳት ስሞችን የሚዘረዝር፣ ግን «ና» ወይም «እንቢ» የማይል ልጅ አለ። ስም መጥራት «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ዓረፍተ ነገር ግን ግንኙነት ነው፤ ማን፣ በማን ላይ፣ ምን አደረገ። ግንኙነቱን የሚሸከመው ግስ ነው። አምስት መቶ ስም ብቻ ያለው ልጅ ጡብ እንጂ ጭቃ የለውም።

እዚህ ላይ ቆጠራችን ራሱ ሊያሳስተን ይችላል። ከሌላ ቋንቋ የመጡ መለኪያዎች «በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያገናኛል» ይላሉ። በአማርኛ «ስጠኝ» አንድ ቃል ነው፤ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «አልሰጠኝም» ሲተነተን አሉታ አለ፣ መስጠት አለ፣ እሱ አለ፣ እኔ አለሁ። ስለዚህ «ልጄ አንድ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው» ከማለት በፊት ያ ቃል ውስጡ ይለዋወጣል ወይ ብሎ ማየት ያዋጣል። «ሰጠኝ»፣ «ሰጠችኝ»፣ «አልሰጠኝም» እያለ እንደ ሁኔታው የሚቀያይር ልጅ ሰዋስው እየሠራ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቅርጽ «አልፈልግም» ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ እንደ አንድ ድንጋይ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ማሳደጊያው አንድ አንድ እርምጃ ነው። «ኳስ» ላለ ልጅ «ኳስ ስጠኝ»፤ ይህን ሲለምድ «ቀይ ኳስ ስጠኝ»፤ ሲሰነብት «ቀዩን ኳስ ለእህቴ ስጣት»። የመጨረሻው ላይ የተጨመሩት «ን»፣ «ለ» እና «ት» ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ማን ለማን የሚለውን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ለልጁ ስንናገር ማሳጠር ጥሩ ነው፤ መቆራረጥ ግን አይደለም። «ኳስ ወደቀ» አጭርም ሙሉም ነው። ከጥያቄዎችም «ምን» እና «የት» ይቀድማሉ፤ «መቼ»፣ «ለምን»፣ «እንዴት» በዓይን የማይታይ ነገር ስለሚጠይቁ ይዘገያሉ።

እስከ አራት ዓመቱ ካልተናገረ ተስፋ የለውም?

አለው። በ2013 የታተመ ጥናት በአራት ዓመታቸው ቃላት ማገናኘት ያልቻሉና ኦቲዝም ያለባቸው 535 ልጆች፣ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆናቸው የት እንደደረሱ አየ። 70 በመቶው ሐረግ መናገር ችለዋል፤ 47 በመቶው አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። ቀሪዎቹ ደግሞ ሌላ መንገድ ያስፈልጋቸዋል፤ እነሱን ረስቶ ስለተናገሩት ብቻ ማውራት አይገባም። የማይናገር ልጅ የሚሰማው፣ የሚያስበውና የሚፈልገው የለም ማለት አይደለም። አንዳንዱ የሚቸገረው አእምሮ ለምላስና ለከንፈር እንቅስቃሴ የሚያወጣውን ትእዛዝ ማቀናጀት ላይ ነው።

ሌላው መንገድ ሥዕል፣ የእጅ ምልክት ወይም ሲነካ የሚናገር ታብሌት ነው። ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል ለሰው በማቀበል የሚጀምረውን ዘዴ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት በ1985 ቀምረውታል፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። የወላጆች ፍርሃት «ሥዕሉን ከለመደ ጭራሽ አይናገርም» የሚል ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ማስረጃው ግን በተቃራኒው ነው። በ2006 የታተመ አንድ ግምገማ የእድገት እክል ያለባቸውን 27 ሰዎች መረጃ መርምሮ፣ በእነዚህ ዘዴዎች ምክንያት ንግግሩ የቀነሰ አንድም ሰው አላገኘም፤ 89 በመቶው ላይ ንግግር ጨምሯል። ብዙዎቹ ላይ ጭማሪው መጠነኛ ነበር።

ከዚህ ተለይቶ መታየት ያለበት፣ አዋቂ የልጁን እጅ ወይም ክንድ ደግፎ ፊደል የሚያስነካበት ዘዴ ነው። ሲፈተሽ መልእክቱ የሚመጣው ከልጁ ሳይሆን ሳያውቀው ከሚመራው አዋቂ መሆኑ ተረጋግጧል። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበርም በ2018 ባወጣው መግለጫ ዘዴውን እንዳይጠቀሙበት አሳስቧል።

ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ መነገሩ ያደናግረዋል?

አያደናግረውም። በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉት እኩዮቻቸው በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ እንደማይቀሩ በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ። አያቱ የምትናገረውን ቋንቋ ከልጁ መንጠቅ ከአያቱ መንጠቅ ነው። ወላጅ ይበልጥ በሚቀናው፣ ስሜቱ በሚወጣበት ቋንቋ ያናግረው።

በየቀኑ የሚያግዘው ምንድን ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታ ነው። «ምን ትፈልጋለህ?» ብለን ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ራሳችን እንመልሳለን፣ ወይም ጥያቄውን ቀይረን እንደግማለን፤ የተቀየረው ጥያቄ ደግሞ ለልጁ አዲስ ሥራ ነው። አንድ ነገር ብለን፣ ፊታችን ላይ መጠበቃችን እየታየ፣ በልባችን እስከ አሥር መቁጠር። የሚወደውን መጫወቻ እያሳዩ መልስ እስኪሰጥ መከልከል ማለት አይደለም፤ ጊዜ መስጠት ነው።

ሁለተኛው፣ ፈተና መቀነስ ነው። «ይህ ምንድን ነው? ያስ? ቀለሙስ?» የሚል ንግግር ልጁን ተፈታኝ ያደርገዋል። ጥያቄውን ወደ አስተያየት መቀየር ይሻላል፤ «ውይ፣ ፈሰሰ!»፣ «መኪናው ቆመ»። እንዲህ ያለው ንግግር ቢደገም ለልጁ የሚያገለግል ዓረፍተ ነገር ነው። «ይህ ምንድን ነው?» ግን ቢደገም የሚጠቅመው ነገር ትንሽ ነው።

ባለሙያ ጋ መቼ እንሂድ?

ዓመት ሞልቶት «ባባባ» የማይል፣ በጣቱ የማይጠቁም ወይም በእጁ ቻው የማይል፤ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፤ በሁለት ዓመቱ ከድግግሞሽ ውጭ በራሱ ቃላት የማያገናኝ፤ በየትኛውም ዕድሜ የነበረውን ቃል ያጣ ልጅ ሳይዘገይ መታየት አለበት። «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር» የሚሉ ማጽናኛዎች ወራት ይበላሉ። የመጀመሪያው ምርመራ የጆሮ ነው፤ ድምፅ ሲሰማ የሚዞር ልጅም የተወሰኑ ድምፆችን ላይሰማ ይችላል።

ሲኬድ አንድ ደብተር ይዞ መሄድ ትልቅ ሥራ ያቀላል። በየገጹ ሦስት ነገር ይጻፍበታል፤ ልጁ ያለው ቃል እንዳለ ከነዜማው፣ መጀመሪያ ከማን ወይም ከየት እንደሰማው፣ ሲለው ምን እየሆነ እንደነበር። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአንድ ሰዓት ቀጠሮ ይህን ሊያገኘው አይችልም። «ጫማህን አድርግ፤ እናቱ ስትወጣ የምትለው፤ በሩን እያየ፣ ጫማውን ይዞ» የሚል አንድ መስመር፣ ልጁ መጠየቅ እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ቀጥሎም የትኛውን ዓረፍተ ነገር ብናቀብለው እንደሚሻል ይናገራል፤ በሩን እየከፈቱ፣ በእሱ አፍ ሆነው፣ «እንውጣ!»።